በተበደረ ገንዘብ የተያዘ ቡና

ቡሌ የጌዴኦ ደጋ ነው። ከዲላ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ ሲወጣ ቡናው እየሳሳ ይሄድና ቦታውን ለእንሰትና ለገብስ ይለቃል። በወረዳው ዝቅ ባለው ጠርዝ ቡና አይጠፋም፤ ከፍ ባለው በኩል ግን የቤተሰቡ ጎተራ እንሰት ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ዋጋውን ኒው ዮርክ አይቆርጥለትም፤ ባንክም እሱን ይዞ አያበድርም። ከዚያ ከፍታ ቁልቁል የሚታየው ወይና ደጋ፣ ወናጎ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ኮቸሬና ገደብ፣ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ሰው የሚኖረው በቡና ነው። ቡና ባለበት ደግሞ ነገ በሚኖረው ዋጋ ላይ በሰው ገንዘብ የሚወራረድ አይጠፋም።

የዚህ ውርርድ ሕግ የተጻፈው ጌዴኦ ውስጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ የዓለምን ቡና ጠቅልሎ በመያዝ ዋጋ ሊያስወድድ የሞከረው የቢ. ጂ. አርኖልድ የንግድ ቤት ወደቀ፤ ሲወድቅም ብዙ ነጋዴ አስከትሎ ነበር። ከአደጋው የተረፉት ተሰባስበው የኒው ዮርክ ቡና ገበያን መሠረቱ፤ ገበያው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1882 ሥራ ጀመረ። ዓላማው ዋጋ ድንገት ሲገለበጥ ነጋዴው የሚከለልበት ቦታ ማበጀት ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1887 ያው ገበያ ራሱ የሌላ ግልብጥብጥ መድረክ ሆነ። ለመከለያ የተሠራው ነገር ለመወራረጃም እንደሚመች ሰው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም።

በዚያ ገበያ ዛሬ አንድ ውል ማለት 37,500 ፓውንድ ቡና ነው። ይህ በእኛ 17 ኪሎ ፈረሱላ ሲመታ ሺህ ፈረሱላ ግድም ይሆናል። ሺህ ፈረሱላ ለመያዝ ግን የሺህ ፈረሱላ ዋጋ አይጠየቅም፤ ከዋጋው ጥቂት እጅ በመያዣነት ማስቀመጥ ይበቃል። በፓውንድ ላይ አንድ ሳንቲም በጨመረች ወይም በቀነሰች ቁጥር 375 ዶላር ይገባል ወይም ይወጣል። ዋጋው ሲወርድ ደላላው በዚያው ቀን «መያዣህን ሙላ» ይላል፤ ያልሞላ ሰው ውሉ ይሸጥበታል። የዘመኑ ወጣቶች «ሌቨሬጅ» የሚሉት ይህንኑ ነው። በስልካቸው ፎሬክስ የሚነግዱት አንድ ለመቶ ሲባሉ ደስ ይላቸዋል፤ ዋጋው ባልጠበቁት በኩል ከመቶ አንድ እጅ ቢሄድ ያስቀመጡት ሁሉ እንደሚያልቅ የሚነግራቸው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ወደ ጌዴኦ ስንመለስ፣ አገሩ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1880ዎቹ ማብቂያ በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ሲገባ ገበሬው ገባር ሆነ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሲዳሞን በገዙበት ዘመንና ከዚያም በኋላ ቡና እየተስፋፋ ሄደ፤ ግብሩም ዕዳውም ከቡናው ይጠበቅ ጀመር። ብድር ወደ ቡናው የገባው በዚሁ በር ነው። ክረምት ሲከብድና እጅ ሲያጥር፣ ገበሬው ገና ዛፍ ላይ ያለውን ቡና ለነጋዴ ይሸጣል። ነጋዴው በሰኔ ጥቂት ብር ይሰጥና በኅዳር ፍሬውን ይለቅማል። በመካከሉ ዋጋ ቢወጣ ትርፉ የነጋዴው ነው፤ ቡናው ባያፈራ ዕዳው ከገበሬው ላይ አይወርድም። አራጣ ይባል ውል፣ ሚዛኑ ያጋደለው ወደ አንድ ወገን ነበር። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች ባለርስት ከቡናቸው በሚወስደው ድርሻ፣ በእርቦ፣ ተማርረው ተነሡ። ሚጭሌ ላይ ጦርና ጎራዴ ይዘው ሲወጡ ጠመንጃ ገጠማቸው፤ ብዙ ሰው ወደቀ።

1967 ዓ.ም. ሁለት ነገር ይዞ መጣ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ባለርስትና እርቦ አብረው ቀሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብራዚል ውስጥ የወደቀው ውርጭ የፓራና ክፍለ ሀገርን ቡና በአንድ ሌሊት አጠቆረው። የኒው ዮርክ ዋጋ ሲወጣ ከርሞ በሚያዝያ 1969 በፓውንድ ከ3 ዶላር ከ30 ሳንቲም በላይ ደረሰ። ይህን ክብረ ወሰን የሰበረ ዋጋ እስከ 2017 ዓ.ም. አልታየም።

መሬቱን ያገኘው የጌዴኦ ገበሬ ግን ዋጋውን አላገኘውም። ደርግ የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን አቋቁሞ፣ ዋጋ ተምኖ፣ ኬላ አቁሞ ጭማሪውን በቀረጥና በታክስ ወደ ግምጃ ቤቱ አስገባው። የግል ነጋዴው በኮታ ታስሮ ነበር። በነዚያ ዓመታት በጌዴኦ ስለ ዋጋ ውርርድ የሚነገር ብዙ የለም፤ ቁማርተኛው መንግሥት ብቻ ነበርና። የዓለም የቡና ስምምነት ኮታ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1989 ሲፈርስ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ግማሽ ወረደ። ደርግም ከሁለት ዓመት በኋላ ሄደ።

ታሪኩ የሚደራው ከዚህ ወዲያ ነው። መስከረም 1985 አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተነሥቶ 5 ብር ሆነ። ቡናው ኒው ዮርክ ላይ ምንም ሳይጨምር ዲላ ላይ በብር ከእጥፍ በላይ አወጣ። በ1986 ክረምት ብራዚልን እንደገና ውርጭ መታት፤ ዋጋው በፓውንድ 2 ዶላርን ተሻገረ። ያኔ መጋዘኑ ቡና የነበረበት ሰው ተኝቶ አድሮ ሀብታም ሆኖ ነቃ። ዕድል ነበር፤ እሱ ግን ዕድል ብሎ አልተረጎመውም። «ገበያውን አውቀዋለሁ» አለ። ጎረቤቱም አየው፤ የጎረቤቱ ወንድምም ሰማ። እኔ ከመጥፎ ዓመት ይልቅ ጥሩ ዓመት ብዙ ነጋዴ አጥፍቷል ባይ ነኝ፤ የከሰረ ሰው ይጠነቀቃል፣ ሳያውቅ ያተረፈ ግን በከርሞው እጥፍ ይዞ ይመጣል።

እጥፍ የሚያስይዘው ገንዘብም ተገኘ። አዋሽ ባንክ በ1987፣ ዳሸን ባንክ በ1988 ተመሠረቱ፤ ሌሎችም ተከተሉ። የቡና አቅራቢ ቤቱን፣ መፈልፈያውንና የጭነት መኪናውን አስይዞ ኦቨርድራፍት ይወስዳል፤ ባንኩም ቡናን የመሰለ ሸቀጥ የለም ብሎ ይሰጣል።

ውርርዱ ከወቅቱ አሠራር ጋር እንዴት እንደተጋባ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። እሸት ቡና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል። የተለቀመው በዚያው ዕለት መፈልፈያ ካልገባ ይበላሻል፤ ስለዚህ ገበሬውም ገዢውም ማደር አይችሉም። ማታ ላይ መንገድ ዳር ሚዛን ተሰቅሎ፣ ባትሪ በርቶ፣ ገበሬው ጆንያውን አውርዶ ይቆማል። ሰብሳቢው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ከአቅራቢው ጋር ያወራል። ሃምሳ ሜትር ራቅ ብሎ የሌላ አቅራቢ ሚዛን አለ። እዚያ በኪሎ ሃምሳ ሳንቲም ሲጨመር ሰልፉ ወዲያ ይዞራል፤ እዚህ አንድ ብር ሲጨመር ይመለሳል። ማታ በጀመረው ዋጋ ሌሊቱን የሚጨርስ የለም። አቅራቢው በዚያ ሰዓት የዓለም ገበያ ስንት እንደዋለ አያሰላም፤ የሚያየው ተፎካካሪው እንዳይበልጠው ብቻ ነው። መፈልፈያው ባዶ ከዋለ የሠራተኛው ደመወዝና የባንኩ ወለድ አብረው ይበሉታል። በዚያ ላይ «አምና በዚህ ዋጋ ገዝተን አትርፈናል» የሚል ሰው ሁልጊዜ አጠገቡ አለ።

የተፈለፈለው ቡና ታጥቦ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ይደርቃል፤ መጋዘን ይገባል፤ ከዚያ ይሸጣል። ከሚዛኑ ሌሊት እስከ ሽያጩ ቀን ሁለት፣ ሦስት ወር ያልፋል። ይህ ክፍተት ነው መወራረጃው። ለምሳሌ የራሱ 2 ሚሊዮን ብር ያለው አቅራቢ 8 ሚሊዮን ተበድሮ በ10 ሚሊዮን ቡና ገዛ እንበል፤ ወለዱንና ወጪውን ለጊዜው እንተወው። ዋጋው ከመቶ 20 ቢጨምር በ12 ሚሊዮን ሸጦ፣ ብድሩን መልሶ፣ 2 ሚሊዮኑን 4 ሚሊዮን አደረገው። ከመቶ 20 ቢቀንስ ብድሩን ከፍሎ ባዶ እጁን ወጣ። ከመቶ 30 ቢቀንስ የቤቱ ካርታ ባንክ ይቀራል። ሰውየው ቁማር ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ምናልባትም ካርታ የሚጫወት ልጁን ይቆጣል።

በ1989 ግንቦት ኒው ዮርክ ላይ ዋጋው እንደገና 3 ዶላርን ነክቶ ነበር። በከርሞው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ወጣ። አዋጁ ባንኮች ብድር ሳይመለስ ሲቀር ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በመያዣ የያዙትን ንብረት በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቀደላቸው። ጊዜው ከዚህ የተሻለ ሊገጥም አይችልም ነበር፤ ለባንኮቹ ማለቴ ነው። ቬትናም ከምንም ተነሥታ ከዓለም ታላላቅ አምራቾች ተርታ ገባች፤ የብራዚልም ምርት ገፋ። በ1994 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዋጋ በፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ።

በእነዚያ ዓመታት ጋዜጣ ያነበበ ሰው የሐራጅ ማስታወቂያ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ሠንጠረዥ ነው፤ የተበዳሪው ስም፣ የመያዣ ሰጪው ስም፣ ንብረቱ የሚገኝበት ከተማና ቀበሌ፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ከሥሩ ተጫራቾች የመነሻውን ዋጋ አንድ አራተኛ በሲፒኦ እንዲያስይዙ ይነገራል። ተበዳሪውና መያዣ ሰጪው የተለያዩ ሰዎች የሆኑበት መስመር ብዙ ነው። መያዣ ሰጪው አባት ነው፣ እህት ናት፣ አማች ነው፤ ቡና ገዝቶ የማያውቅ፣ ለዘመዱ አምኖ የፈረመ። የውርርዱ አንዱ ነውር ይህ ነው፤ የሚጫወተውና የሚከፍለው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም።

አንዳንዱ በወቅቱ ሸጦ ጥቂት ከስሮ መውጣት ይችል ነበር። «ያልሸጥኩት ቡና አልከሰረብኝም» ብሎ ያዘው። ቡናው መጋዘን ውስጥ እያደረ ጣዕሙ ይቀንሳል፤ ወለዱ ግን አያድርም። ጥቅምት ሲመጣ የአምናውን ለማካካስ ብሎ ሌላ ብድር ጠየቀ፣ ሌላ ንብረት አስያዘ፣ በአዲሱ ዋጋ እጥፍ ገዛ። የተሸነፈ ቁማርተኛ ከጠረጴዛው የማይነሣበት ምክንያት ከዚህ አይለይም፤ ተነሣ ማለት መሸነፉን አመነ ማለት ነውና።

ከዚያ ውድቀት መካከል በ1994 የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ተመሠረተ። ገበሬው በአባል ማኅበራቱ በኩል ለውጭ ገዢ በቀጥታ መሸጥ ጀመረ። መንግሥትም በ1997 ይርጋ ጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ክርክር በሰኔ 1999 በስምምነት አለቀ። ስሙ ተጠበቀ። የዋጋው ውጣ ውረድ ግን እንዳለ ነበር።

ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተከፈተ፤ በቀጣዩ ዓመት ቡናም ወደዚያ ገባ። ዲላ ላይ መጋዘኑና የደረጃ ምርመራው፣ አዲስ አበባ ላይ እጅ ለእጅ ተማትቶ መገበያየቱ፣ በማግሥቱ የሚገባው ገንዘብ፣ ሁሉም ለአቅራቢው እፎይታ ነበር። ከዚያ በፊት ሸጦ ክፍያውን የሚለምን ስንት ነበር! ነገር ግን የኛ ምርት ገበያ ኒው ዮርክ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ ያለውን ነገር አልያዘም፦ ለወደፊት የሚደርስ ውል። ያሻሽጥ የነበረው መጋዘን የገባውን ብቻ ነው። የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥሩም አቅራቢው በኒው ዮርክ ገበያ ራሱን እንዲከልል አይፈቅድለትም ነበር። ስለዚህ የጌዴኦ ነጋዴ ቁማሩ ሁሉ ደረሰው፣ መከለያው ግን አልደረሰውም።

ቡና ወደ ምርት ገበያው የገባበት ዓመት ክፉ ነበር። የዓለም የገንዘብ ቀውስ ዋጋውን ጣለው፤ ላኪዎች ዋጋው ይሻሻላል ብለው ቡናቸውን ያዙ፤ መንግሥት ደግሞ ክምችት ነው አለ። መጋቢት 2001 የስድስት ታላላቅ ላኪዎች ፈቃድ ተነጠቀ፤ መጋዘናቸው ታሸገ፤ ቡናውን መንግሥት ወስዶ ሸጠው። በ2003 ኒው ዮርክ ላይ ዋጋው 3 ዶላር ገባ፤ በ2006 መጀመሪያ ወደ 1 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ዋጋ ሲወርድ ላኪው ከነብድሩ ይሰምጣል። ሲወጣ ደግሞ አስቀድሞ በርካሽ የተዋዋለው ውሉን ያፈርሳል፤ በዚህ ምክንያት የውጭ ገዢዎች ከኢትዮጵያ ላኪዎች ጋር በተደጋጋሚ ተጣልተዋል።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አንድ እንግዳ ነገርም ሥር ሰደደ። ዶላር ብርቅ ሲሆን፣ አንዳንድ ላኪ ቡናውን ከዓለም ዋጋ በላይ ገዝቶ በኪሳራ መላክ ጀመረ። ኪሳራውን የሚያካክሰው በሚያገኘው ዶላር ብረት ወይም መኪና አስመጥቶ በሚያተርፈው ነበር። ለእሱ ቡና የዶላር መግዣ ቲኬት እንጂ ሸቀጥ አልነበረም። አስመጪ ያልሆነው የዲላ አቅራቢ ግን ከዚህ ሰው ጋር እኩል ዋጋ እየጠራ ለመግዛት ተገደደ። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ወጥቶ አቅራቢና ላኪ ከምርት ገበያው ውጭ የሚገናኙበት ቀጥታ ትስስር ሲፈቀድ ብዙ አቅራቢ ራሱ ላኪ ሆነ፤ ከነዕዳው ማለት ነው።

ሐምሌ 2013 ብራዚል ላይ ውርጭ ወደቀ። የ2014 ምርት ዘመን የእሸት ዋጋ በጌዴኦ ተተኮሰ፤ ገበሬው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ገንዘብ ቆጠረ። እዚህ ላይ ፍርዴን ላለዝብ፤ የነጋዴው ውርርድ በጥሩ ዓመት ለገበሬው ሲሳይ ነው፤ በዚያ ሌሊት ሚዛን ላይ የተጨመረው እያንዳንዱ ብር ገበሬው ኪስ ገብቷል። የአገሪቱ የቡና ገቢም በዚያ በጀት ዓመት 1.4 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በጥቅምት 2015 ሁሉም የአምናውን ዋጋ ይዞ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። ነሐሴ ላይ በፓውንድ ከ2 ዶላር ከ20 በላይ የነበረው የኒው ዮርክ ዋጋ ግን በጥር ወደ 1 ዶላር ከ45 ግድም ወርዶ ነበር፤ ከመቶ ከ30 በላይ ማለት ነው። ከላይ ሒሳቡን ያሰላንለት አቅራቢ ምን እንደሆነ መድገም አያስፈልግም። እጁ ሲያጥር የመጨረሻው አበዳሪ ገበሬው ሆነ፤ «ቡናውን አስረክብ፣ ስሸጥ እከፍልሃለሁ» ተባለ። ጆንያውን በዱቤ ያስረከበ ገበሬ ሳያውቀው ያለ መያዣና ያለ ወለድ ለቁማርተኛ አበደረ። ባንኩ ካርታ አለው፤ ገበሬው ያለው ቃል ብቻ ነው።

ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከመቶ 14 እንዳይበልጥ ገደበ፤ ገንዘብ ጠበበ፤ ዱቤውም በረታ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዚያ ቀን ቡና በእጁ የነበረው ሁሉ አተረፈ። የ1985ቱ መስከረም ተደገመ፤ «ገበያውን አውቀዋለሁ» የሚለውም ሰው አብሮ ተመለሰ። የካቲት 2017 የኒው ዮርክ ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ነበር፤ በበጀት ዓመቱ አገሪቱ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከቡና አገኘች። ሰኔ ሳያልቅ ዋጋው ከ3 ዶላር በታች ሆነ። ከዚያ አሜሪካ በብራዚል ላይ የ50 በመቶ ቀረጥ ስትጥል ዋጋው ተነሥቶ በመስከረም 2018 ተመልሶ 4 ዶላር ገባ። የራሱን ገንዘብ የያዘ ሰው ከየካቲት እስከ መስከረም መጠበቅ ይችላል፤ የተበደረ ሰው ግን አይችልም፤ ሰኔ ላይ ባንኩ ይመጣበታል።

ለአቅራቢው ምክር መስጠት ከንቱ ነው፤ ሒሳቡን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ቃሌ ለገበሬው ነው። ሚዛን ላይ የወጣ ቡናህን ገንዘቡን ሳትቆጥር አታስረክብ፤ ዋጋው አጓጊ በሆነ መጠን በዱቤ አትስጥ፤ የግድ ከሆነም ለማኅበርህ ስጥ፣ ደረሰኝም ተቀበል። ልጅህ ወይም አማችህ የቤትህን ካርታ ለባንክ እንድትፈርም ሲጠይቅህ ደግሞ፣ ዋጋው ከሦስት እጅ አንዱ ቢወርድ ብድሩን በምን እንደሚከፍል ጠይቀውና መልሱን ሰምተህ ፈርም።